ከአለቱ የሚጀምር ጉዞ፦ ሳይንስን፣ ታሪክንና ባህልን አብሮ ማጥናት ለሚሻ ወጣት የሥነ ምድር ባለሙያ

ሥነ ምድርን የሚያጠና ወጣት ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት መንገደኞች አንዱን ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው ዓይኑን ከአለት ሳይነቅል ሳምንት ሰንብቶ፣ ከተራራው ግርጌ ያለችው መንደር ስሟ ማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ የሚመለሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሐውልቱንና ቤተ መቅደሱን ሁሉ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ውሎ ከምን ድንጋይ እንደተሠሩ ልብ ሳይል የሚሄደው ነው። እኔ በየተራ ሁለቱንም ሆኜ አውቃለሁ፤ ከሁለቱም ጉዞዎች ይዤ የተመለስኩት ግማሽ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ የምከተለው አካሄድ ጉዞውን ከአለቱ መጀመር፣ ከአለቱ ሰው በድንጋይ ወደ ሠራው ነገር ማለፍ፣ በመጨረሻም ሰው ስለዚያ ቦታ የሚናገረውን ቃል ማዳመጥ ነው።

በጣሊያን አገር ከኔፕልስ አጠገብ በምትገኘው ፖዙዎሊ ከተማ ያለው የሮማውያን ገበያ ፍርስራሽ እነዚህ ነገሮች በአንድ ቦታ ሲገናኙ ምን እንደሚመስሉ ያሳያል። ለረጅም ጊዜ የሴራፒስ ቤተ መቅደስ እየተባለ ሲጠራ በኖረው በዚህ ፍርስራሽ ውስጥ ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው ሦስት የእብነ በረድ አምዶች ቆመዋል። የአምዶቹ የታችኛው ክፍል እስከ 3.7 ሜትር ገደማ ለስላሳ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው 2.7 ሜትር ያህል ክፍል ግን ድንጋይ በሚሰረስሩ ባለ ሁለት ዛጎል የባሕር እንስሳት ተበሳስቷል። እነዚህ እንስሳት ከባሕር ውጭ ስለማይኖሩ፣ ሕንፃው ከተሠራ በኋላ መሬቱ ከነአምዶቹ ወደ ባሕር ሰምጦ፣ አምዶቹም ሳይወድቁ መልሶ ከፍ ብሏል ማለት ነው። የሥነ ምድር ሊቁ ቻርልስ ላየል እ.ኤ.አ. በ1830 ባሳተመው የሥነ ምድር መጽሐፉ መክፈቻ ላይ የእነዚህን አምዶች ሥዕል ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነበር። ታሪክ አዋቂው ብቻውን ቢመጣ ቀዳዳዎቹን እርጅና ያመጣው ጉዳት አድርጎ ሊያልፋቸው ይችላል፤ የሥነ ምድር ባለሙያው ብቻውን ቢመጣ ደግሞ አምዶቹ የቆሙበትን ዘመን ስለማያውቅ የመሬቱን መስመጥና መነሣት በዓመታት ሊለካው አይችልም።

ከመነሣትዎ በፊት

መድረሻ ሲመርጡ የመሬቱ አቀማመጥ የሰዎችን ታሪክ በግልጽ የቀረጸበትን ቦታ ያስቀድሙ። በአይስላንድ የሚገኘው ቲንግቬትሊር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአገሪቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ930 ገደማ ጠቅላላ ጉባኤያቸውን ያቋቋሙት የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ የመሬት ቅርፊቶች በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚራራቁበት ስምጥ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አንድ መንገደኛ በአንዲት ጠዋት ስብራቱንም የሕግ አደባባዩንም በእግሩ ሊያይ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በራሱ መርሐ ግብር ሥር ያቀፋቸው ዓለም አቀፍ ጂኦፓርኮችም የሥነ ምድር ቅርስን ከአካባቢው ሕዝብ ኑሮና ባህል ጋር አያይዘው የሚጠብቁ ስለሆኑ ለጀማሪ ይመቻሉ።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ሁለት ካርታዎች ያስፈልጉዎታል። አንደኛው የሥነ ምድር ካርታ ሲሆን የአለቶቹን ዓይነትና ዕድሜ ያሳያል፤ ሁለተኛው የመልክዐ ምድር ካርታ ሲሆን ከፍታን፣ ወንዝንና መንገድን ያሳያል። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተው መንገዱ የአለት ወሰን የሚያቋርጥባቸውን ነጥቦች በእርሳስ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ብዙ የሚታይ ነገር የሚገኘው አንዱ አለት አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ስፍራ ነውና። የሥነ ምድር ካርታ ራሱ የተወለደው በእንዲህ ዓይነት የመንገደኛ ሥራ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ስሚዝ ለመጓጓዣ ቦዮች መሬት ሲለካ በየቁፋሮው የሚያያቸው ንጣፎች በውስጣቸው በያዟቸው ቅሪተ አካላት እንደሚለዩ አስተውሎ፣ ለዓመታት አገሩን ሲያስስ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1815 የእንግሊዝን፣ የዌልስንና የስኮትላንድን ከፊል ያካተተ ካርታ አሳተመ። ከካርታዎቹ ቀጥሎ ስለ አካባቢው ታሪክ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ማንበብ፣ በአካባቢው ቋንቋም ድንጋይን፣ ውኃን፣ መንገድንና ምስጋናን የሚገልጹ ጥቂት ቃላት መያዝ ይበቃል። ፈቃድ የሚጠይቅ ቦታ መሆኑንና የአለት ናሙና ከአገር ማውጣት የተፈቀደ መሆኑን ግን ከመነሣትዎ በፊት ሳያረጋግጡ አይሂዱ።

ስለ መሣሪያ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። መዶሻ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ ዝንባሌ የሚለካ ኮምፓስ፣ ሰንጢ፣ የተበረዘ አሲድ የያዘች ትንሽ ጠብታ ማፍሰሻ፣ የናሙና ከረጢትና የማይለቅ ብዕር በቂ ናቸው። ማስታወሻ ደብተሩን ግን በጥንቃቄ ይምረጡ። ልባዱ ጠንካራ፣ ወረቀቱ ዝናብ የሚችል ይሁን፤ የሚጻፍበትም በእርሳስ ነው፤ ቀለም በውኃ ይፈሳልና። የቀኝ ገጹን በዓይን ለታየና በመሣሪያ ለተለካ ነገር ብቻ ይመድቡት፤ የግራ ገጹ ደግሞ ሰዎች የነገሩዎት፣ በመጽሐፍ ያነበቡትና እርስዎ የገመቱት የሚሰፍርበት ይሁን። የዚህ መመሪያ ቀሪ ክፍል በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ገጾች አጠቃቀም ላይ የተመሠረተ ነው።

አለቱ ፊት ሲደርሱ

የጀማሪ የመጀመሪያ ስሕተት መዶሻ ማንሣት ነው። ገደሉ ወይም ለመንገድ ሥራ የተቆረጠው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ እስኪታይዎት ድረስ ራቅ ብለው ይቁሙና ቢያንስ አሥር ደቂቃ ዝም ብለው ይመልከቱ። ንጣፎች ይታያሉ? ወደ የት ያዘነብላሉ? የቀለም ወይም የውፍረት ለውጥ የት ላይ ነው? ተቆርጦ የተንሸራተተ ንጣፍ አለ? ከዚያ በቀኝ ገጽ ላይ ንድፍ ያውጡ። ሥዕል አልችልም ብሎ ንድፉን የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ ሆኖም ንድፉ እንዲያምር የሚጠብቅ የለም፤ እጅ መስመር በመስመር ሲከተል ዓይን የዘለለውን ነገር እንዲያይ የሚያስገድድ ሥራ ነው። ፎቶግራፍም ያንሡ፤ ነገር ግን መጠኑን የሚያሳውቅ መዶሻ ወይም እርሳስ ይኑርበት፤ ፊትዎን ወደ የት አዙረው እንዳነሡትም ይጻፉ።

ያዩትን ንጣፍ ለማንበብ የሚያስፈልገው መሠረታዊ ሕግ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ነው። ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 እንዳስቀመጠው፣ ደለል ሲቀመጥ አግድም ይተኛል፤ ካልተገለበጠ በስተቀርም ከታች ያለው ንጣፍ ከላይኛው ይቀድማል። ስለዚህ ያዘነበለ ንጣፍ ሲያዩ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ኃይል አንቀሳቅሶታል ማለት ነው። ይህን ሕግ ይዘው በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ወዳለው ሲካር ፖይንት ቢሄዱ፣ የሥነ ምድር ሊቁ ጀምስ ኸተን እ.ኤ.አ. በ1788 ከሁለት ወዳጆቹ ጋር በጀልባ ደርሶ ያየውን ያያሉ። ከታች ወደ 435 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ግራጫ ንጣፎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ በእነርሱ ተቆርጦ የተላገ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ 370 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ በመጠኑ አዘንብሎ ተኝቷል። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በጣት የሚሸፈን ቢሆንም፣ የታችኛው ደለል ደንድኖ አለት የሆነበት፣ ታጥፎ ወደ ላይ የተነሣበት፣ ተሸርሽሮ የተላገበትና በላዩ ሌላ ደለል መከማቸት የጀመረበት ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ ጊዜ በዚያ ውስጥ አለ። በሄዱበት ሁሉ እንዲህ ያለ የማይገጥም ወሰን ይፈልጉ፤ ካገኙ የቀረውን ዕቅድ ትተው ቀኑን እዚያው ቢያሳልፉ አይቆጭዎትም።

ከዚህ በኋላ ይቅረቡ። የአለት ላይኛው ገጽ በአየርና በውኃ የተለወጠ ስለሆነ፣ በተፈቀደበት ቦታ መነጽርዎን አድርገው ትኩስ ገጽ የሚያሳይ ትንሽ ስባሪ ያንሡ። አጉሊ መነጽሩን ከዓይንዎ ጋር አስጠግተው ይያዙና ድንጋዩን ወደ እርሱ ያምጡት፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ምንም ሳያይም ይመለሳል። ጥንካሬውን ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው፣ ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው መለኪያ መሠረት ይፈትሹ፦ የጣት ጥፍር 2.5፣ የመዳብ ሳንቲም 3፣ የሰንጢ ስለት 5.5 ገደማ ሲሆን፣ ኳርትዝ 7 ስለሆነ ሰንጢ አይጭረውም። አሥር በመቶ የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንዲት ጠብታ ሲያርፍበት ወዲያው አረፋ የሚያወጣ አለት በካልሳይት የተሠራ የኖራ ድንጋይ ወይም እብነ በረድ ነው፤ ሲፈጭ ብቻ ቀስ ብሎ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ዶሎማይት ይሆናል። አሲዱን በቅርስ ሕንፃ ወይም በሐውልት ላይ ፈጽሞ አያድርጉት።

ሲጽፉ ስም አያስቀድሙ። «ባዛልት» ብለው ከመጻፍዎ በፊት «ጥቁር፣ ደቃቅ፣ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ያሉበት፣ ሰንጢ በጭንቅ የሚጭረው» ብለው ይጻፉ፤ ስሙ የተሳሳተ ቢሆን መግለጫው ያርመዋል፤ መግለጫ የሌለው ስም ግን ከተሳሳተ መታረሚያ የለውም። ከዚያ የንጣፉን አቅጣጫና ዝንባሌ በኮምፓስ ለክተው ከቦታው መገኛ ነጥብ ጋር ያስፍሩ።

የሰው እጅ የነካው ድንጋይ

ወደ ከተማ ወይም ወደ ጥንታዊ ስፍራ ሲገቡ አጉሊ መነጽሩን አያስቀምጡት። በእያንዳንዱ ሕንፃ ፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች ይህ ምን ድንጋይ ነው፣ ከየት መጣ፣ ለምንስ ይህ ተመረጠ የሚሉት ናቸው። በቱርክ አገር ባለችው በካፓዶቅያ ሰዎች ቤትና ከመሬት በታች ያሉ ከተሞችን ሊፈለፍሉ የቻሉት መሬቱ በእሳተ ገሞራ አመድ ክምችት የተሠራ ለስላሳ አለት ስለሆነ ነው። በዮርዳኖስ ባለችው በፔትራ ጥንታዊ ነዋሪዎቿ ናባታውያን የአሸዋ ድንጋይ ጠረቡ፤ የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናትም ከእሳተ ገሞራ አለት ወደ ታች ተፈልፍለው ወጡ። ሦስቱም «ከአለት የተፈለፈለ» ተብለው በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ነገር ግን አለቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ የመሣሪያው ምልክት፣ የግድግዳው ውፍረት፣ ውኃ የሚያደርስባቸው ጉዳትም ይለያያል። ይህን ልዩነት በራስዎ ዓይን አስተውሎ መጻፍ የቀኝ ገጽ ሥራ ነው።

የድንጋይን ምንጭ መፈለግ የታሪክን ጥያቄ እስከ መመለስ ሊደርስ ይችላል። በእንግሊዝ አገር በሚገኘው ስቶንሄንጅ ያሉት ትንንሾቹ ሰማያዊ ድንጋዮች ከምዕራብ ዌልስ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት እንደመጡ የታወቀው የአለቶቹ ዓይነት ከዚያ አካባቢ አለት ጋር ስለገጠመ ነው። በመካከል የተኛው የመሠዊያ ድንጋይ የሚባለው ደግሞ ከዌልስ እንደመጣ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት በውስጡ ያሉትን ደቃቅ ማዕድናት ዕድሜ ለክቶ ከሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ ቢያንስ 750 ኪሎ ሜትር ርቆ እንደመጣ አሳየ። በዚያ ዘመን የነበሩ ማኅበረሰቦች ምን ያህል ርቀው ይገናኙ እንደነበር የተናገረው የአሸዋ ቅንጣት መሆኑ እኔን ዛሬም ይገርመኛል።

አንዳንዴ ድንጋዩና ሰዎች ስለ ድንጋዩ የሚሉት በአንድ ቦታ ይገኛሉ። የጊዛ ፒራሚዶች የተሠሩበት የኖራ ድንጋይ ኑሙላይት በሚባሉ፣ ሳንቲም ወይም ምስር በሚመስሉ የባሕር ቅሪተ አካላት የተሞላ ነው። ግሪካዊው የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ስትራቦ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ቦታውን ሲጎበኝ፣ እነዚህ ለግንበኞቹ ምግብነት ከቀረበው የተረፈና ወደ ድንጋይ የተለወጠ ምስር ነው ይባላል ሲል ጽፏል። ቅሪተ አካሉ በቀኝ፣ ምስሩ በግራ ይጻፋል፤ ምስሩን ስሕተት ነው ብሎ የሚሰርዝ ሰው ሰዎች ያንን ድንጋይ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊትም አቀርቅረው ያዩት እንደነበር የሚመሰክረውን ማስረጃ አጠፋ ማለት ነው።

የሰዎች ቃል

የኢንዶኔዥያዋ የሲሜሉዌ ደሴት ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1907 ከደረሰባቸው ሱናሚ በኋላ «ስሞንግ» የሚሉትን ታሪክ ለልጆቻቸው ያወርሱ ነበር፤ መሬት በብርቱ ከተንቀጠቀጠና ባሕሩ ከሸሸ ወደ ኮረብታ ሩጡ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ሱናሚው ሲመጣ ደሴቲቱ ለመንቀጥቀጡ መነሻ ቅርብ ብትሆንም፣ ከ78,000 ያህል ነዋሪዎቿ የሞቱት ሰባት ብቻ ነበሩ። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ያሉ ነባር ሕዝቦችም በክረምት ሌሊት ስለተንቀጠቀጠ መሬትና መንደር ስላጠፋ ውኃ ይተርኩ ነበር። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች በዚያው ዳርቻ በጨው ውኃ ሰጥመው የደረቁ ዛፎችን አገኙ፤ የጃፓን መዛግብትም መንቀጥቀጥ ሳይሰማ ስለመጣ ሱናሚ ይናገሩ ነበር፤ የዛፎቹ ቀለበትና የመዛግብቱ ቀን ተገናኝተው ርዕደ መሬቱ እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1700 ምሽት ላይ የደረሰ መሆኑን አረጋገጡ።

ስለዚህ አረጋውያንን መጠየቅ የሥራው አካል ነው። ደብተርና መቅጃ ይዘው አይቅረቡ፤ አስቀድመው ሰላምታ ይስጡ፣ ማን እንደሆኑና ለምን እንደመጡ ይናገሩ፣ ተቀመጥ ሲሉዎት ይቀመጡ። «እዚህ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር?» የሚለው ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ያስገኛል። የዚህ ኮረብታ ስም ምን ማለት ነው፣ ምንጩ ድሮ የት ነበር፣ አያቶቻችሁ ቤት የማይሠሩበት ቦታ የት ነው ብለው ቢጠይቁ ግን ረጅም ወሬ ይከፈታል። ከሁሉም የቦታ ስሞችን እወዳለሁ፤ የደረቀ ምንጭ፣ የተናደ ገደል፣ የጠፋ ሐይቅ በስም ውስጥ ተቀምጦ የሚቆይ ስለሆነ። ተራኪውን አያርሙ፤ የተናገሩትንም በራሳቸው አባባል በግራ ገጽ ይጻፉ፤ ስማቸውን የሚያሰፍሩት ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል እያንዳንዱን ተረት ወደ ርዕደ መሬት የሚተረጉም ሰው ከማያዳምጠው የተሻለ ሥራ አይሠራም። ለጎብኚ ሲባል የተፈጠረ ታሪክም አለ። አንድ ቃል የተፈጥሮ ክስተትን ይዞ ከሆነ በመሬቱ ላይ ምልክት መተው አለበት፦ የተቀበረ አፈር፣ የአሸዋ ንጣፍ፣ የሰመጠ ዛፍ። ምልክቱን በቀኝ ገጽ እስኪያገኙ ድረስ ቃሉ በግራ ይቆይ።

ሰዎች የተቀደሰ ነው ያሉት ቦታ ላይ መውጣት ስለሚቻል ብቻ አይውጡ። በአውስትራሊያ የሚገኘው 348 ሜትር ከፍታ ያለው የኡሉሩ አለት የባለቤቶቹ የአናንጉ ሕዝቦች የቅዱስ ሕጋቸው ስፍራ ነው፤ እንዳይወጣበት ለብዙ ዓመታት ሲለምኑ ኖረው መውጣቱ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 2019 በይፋ ተከለከለ። ለጥናት የሚያስፈልገው ነገር ከግርጌው ዙሪያ በደንብ ይታያል።

ጥንቃቄና ናሙና

በሚናድ ገደል ሥር አይቀመጡ፤ ሰማዩ ከሩቅ የጠቆረ እንደሆነ ከጠባብ ሸለቆ ይውጡ፤ አንዱን መዶሻ በሌላ መዶሻ አይምቱ፤ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። በእሳተ ገሞራ አካባቢ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በጎድጓዳ ቦታ ይተኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ከካሜሩኑ ኒዮስ ሐይቅ የወጣው ይኸው ጋዝ ወደ 1,700 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። እንስሳት ሞተው የተገኙበት ጉድጓድ ውስጥ በምንም ምክንያት አይውረዱ።

ቅሪተ አካል ወይም የጥንት ሰው መሣሪያ ካገኙ ባለበት ይተዉት፤ ንድፍ አውጥተው፣ መገኛ ነጥቡን ይዘው ለሚመለከተው ክፍል ያሳውቁ። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላት የታወቀው በአካባቢው ንጣፎች መካከል ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜው ሊለካ ስለቻለ ነው። ከንጣፉ ተነጥሎ በኪስ የገባ አጥንት ዕድሜውን የሚናገርለት አይኖርም። ተራ አለትም ቢሆን እንዲሁ ነው። በአንዱ ጉዞዬ ማታ እጽፍባቸዋለሁ ብዬ ምልክት ሳላደርግባቸው የሰበሰብኳቸው 14 ድንጋዮች አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንዳይበር ከመያዝ ሌላ ጥቅም የላቸውም። ቁጥር፣ ቀንና ቦታ በድንጋዩም በከረጢቱም ላይ እዚያው ቆመው ይጻፉ።

ከተመለሱ በኋላ

በሰባት ቀን ውስጥ ደብተሩን ይክፈቱ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ አጫጭር ምልክቶችዎን ራስዎም አያነቧቸውም። የደበዘዘውን ያድሱ፣ ፎቶግራፎቹን ከንድፎቹ ጋር በቁጥር ያገናኙ፣ ደብተሩን ገጽ በገጽ ቅጂ ያስቀሩለት። ፎቶግራፍ እልክላችኋለሁ ብለው ቃል የገቡላቸው ሰዎች ካሉ ከሁሉም በፊት ይላኩላቸው፤ የሚቀጥለው ተማሪ በዚያ መንደር የሚጠብቀው አቀባበል በዚህ ይወሰናል።

በመጨረሻ ቀኝና ግራውን አስተያይተው ያንብቡ። ሁለቱ በሚስማሙበት ቦታ የሚያገናኝ መስመር ያስምሩ፤ በሚቃረኑበት ቦታ ደግሞ አንዱንም ሳይሰርዙ በኅዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክትና ጥያቄውን ሊፈታ የሚችለውን ምልከታ ያስፍሩ። እኔ ባለፈው ጉዞ ከጻፍኩት ደብተር ሦስት እንዲህ ያሉ ምልክቶች ቀርተውኛል፤ አንዱ ሽማግሌዎቹ ሐይቅ ነበረበት ያሉት፣ እኔ ግን የወንዝ ጠጠር ብቻ ያየሁበት ሜዳ ነው፤ በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት ተመልሼ በሜዳው ዳር ባለው ጥልቅ ቦረቦር ውስጥ ደቃቅ የሸክላ ንጣፍ መኖር አለመኖሩን አያለሁ።